ሪባን የጠፋበት አገርና የእልፍነሽ ሻርፕ

አገሩን ካርታ ላይ አትፈልጉት፤ ካርታውም እንደ ሌላው ነገር ሁሉ ሳይሳል ተመርቋል። እኔ የምነግራችሁ በእግሬ የደረስኩበትን፣ በጣቴ የቆጠርኩትን ነው። ያልቆጠርኩትን አልጨምርም።

በዚያ አገር ያላለቀ ነገር አልነበረም። «በዚህ አገር ያላለቀ ነገር የለም» ይላል የሕጋቸው የመጀመሪያ አንቀጽ። ሁለተኛ አንቀጽ የለውም፤ የመጀመሪያው እንደተጻፈ ሕጉ ተመረቀ።

ጠዋት የመሠረት ድንጋይ የተጣለለት ቤት ከሰዓት በኋላ ይመረቃል። ገዢው ይመጣል፣ ቀይ ሪባን ይቆርጣል፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ ሠራተኞቹም አካፋቸውን ተሸክመው ወደሚቀጥለው የመሠረት ድንጋይ ይሄዳሉ። ስለዚህ ጣሪያ የሌለው ትምህርት ቤት ነበራቸው፤ ዝናብ ሲመጣ ተማሪዎቹ ደብተራቸውን ብብታቸው ውስጥ ይደብቁና ትምህርቱ ይቀጥላል። ውሃ ጋ ያልደረሰ የውሃ ጉድጓድም ነበራቸው፤ ሴቶቹ ባዶ እንስራ አውርደው ባዶ እንስራ ያወጣሉ፣ ከዚያም ለወጉ ያህል ጎንበስ ብለው ተሸክመው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

«አላለቀም» የሚለው ቃል ክልክል ነበር። ሰው ግን ያለዚህ ቃል አንድ ቀን እንኳ መዋል አይችልም፤ ስለዚህ ሌላ አነጋገር ፈጠሩ። ባል ከሥራ ገብቶ «ራት ደረሰ?» ሲል፣ ሚስት ገና ሽንኩርት እየከተፈች «ደርሶ ይቀጥላል» ትለዋለች። ልብስ ሰፊው አንድ እጅጌ ያለው ኮት ያስረክብና «አልቆ ይቀጥላል» ይላል። ደንበኛውም አንድ እጁን አስገብቶ፣ ሌላውን ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ አመስግኖ ይሄዳል።

ቃሉ ያመለጠው ሰው እስር ቤት ይገባል። እስር ቤቱም ተመርቋል፤ ግድግዳ ግን የለውም። እስረኛው ሜዳ ላይ በኖራ በተሰመረ መስመር ውስጥ ተቀምጦ፣ ግድግዳ አለ ብሎ ይታሰራል። ጠያቂ ዘመድ ሲመጣ በሩ ሊሆን በታሰበው ቦታ ላይ ቆሞ አየሩን ያንኳኳል። እስረኛውም ፊት ለፊት እያየው «ማነው?» ይላል። ታንኳ ቀዛፊው ጋሽ ታፈረ እዚያ ታስሮ ሳለ፣ ሽንቱ ይዞት መስመሩን ቢራመድ ግድግዳ አፍርሷል ተብሎ ተጨማሪ ተፈርዶበታል።

ጋሽ ታፈረ የታሰረው በድልድዩ ምክንያት ነው።

አገሩን መሐል ለመሐል ሰፊ ወንዝ ይቆርጠዋል። ዱሮ ሰው በጋሽ ታፈረ ታንኳ ነበር የሚሻገረው። ከዚያ ድልድይ ተሠራ። ድልድዩ ከዚህ ዳር ተነሥቶ ደህና አድርጎ ይሄዳል፤ ከዚያኛውም ዳር ተነሥቶ ደህና አድርጎ ይመጣል። መሐል ላይ ግን አይገናኙም። ተመረቀ፤ በማግስቱም ታንኳ ተከለከለ። ድልድይ እያለ በታንኳ መሻገር ድልድዩን መስደብ ነው ተባለ። ጋሽ ታፈረ «አላለቀም» አለ፤ ታሰረ፤ ሲፈታም ታንኳውን ዳር ላይ ገልብጦ ወንበር አደረገው። ወንዙ በእግር የሚገባበት መልካ ከላይ በኩል አለ፤ ለጉልበተኛ የአራት ቀን መንገድ ነው።

ወይዘሮ እልፍነሽና እህቷ ደብሪቱ ጉልበተኞች አልነበሩም። ሁለቱም የባል ሞት የደረሰባቸው፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሴቶች ናቸው። እልፍነሽ በዚህ ዳር ትኖራለች፣ ደብሪቱ በዚያ። በታንኳው ዘመን በየሳምንቱ ይገናኙ ነበር፤ ድልድዩ ከተመረቀ ወዲህ አንድም ቀን አልተገናኙም።

ደብሪቱ ከልጅነቷ ጀምሮ አንገቷ ብርድ አይችልም። ስለዚህ ድልድዩ በተመረቀ ሰሞን እልፍነሽ ሁለት የሹራብ መርፌ አነሣችና ለእህቷ ሻርፕ ጀመረች። «ያየኋት ቀን አንገቷ ላይ ጠምጥሜ እዘጋዋለሁ» አለች። ሹራብ የሠራ ሰው እንደሚያውቀው፣ መርፌው ላይ ያሉት ቀለበቶች እስኪዘጉ ድረስ ሻርፕ ሁልጊዜ መቀጠል ይችላል። እልፍነሽም ድልድዩ መሐሉ እስኪሞላ ጥቂት መሥመር ልጨምር ብላ ነበር።

ሻርፑ አንገት አከለ። ድልድዩ እንደነበረ ነው። ሻርፑ የሰው ቁመት አከለ፤ ከአልጋው እስከ በሩ ደረሰ፤ ከዚያ ጓሮውን ዞረ። ድልድዩ እንደነበረ ነው። ክር ሲያልቅባት አሮጌ ሹራብ እየተረተረች ትቀጥላለች። የሟች ባሏ ግራጫ ካልሲ ገባበት። የጎረቤት ሕፃን ቢጫ ኮፍያ፣ የጋሽ ታፈረ ቡናማ ሹራብ ገባበት። ከመሐሉ አንድ ሰፊ ቀይ አለ፤ እሱ ደብሪቱ በልጅነቷ የለበሰችው፣ እልፍነሽ ሳጥን ውስጥ ያቆየችው ሹራብ ነው። እሑድ እሑድ ሻርፑን በጋሪ ጭና ድልድዩ ጫፍ ትሄድና አንድ ጫፉን ከፍ አድርጋ ታውለበልባለች። ከወዲያ ደብሪቱ ነጠላዋን ታውለበልባለች። መነጋገር አይቻልም፤ ወንዙ ይጮኻል።

«እልፌ፣ ይሄ ሻርፕ ለእህትሽ ነው ወይስ ለወንዙ?» ይላታል ጋሽ ታፈረ ከተገለበጠው ታንኳው ላይ።

«አንተ እዚያ ላይ ተጎልተህ ከምትውል መርፌ ያዝ፤ ላስተምርህ።»

«እኔማ እጄ ቀዘፋ ነው የለመደው። ደግሞ አንገት ስንት ቢሆን ነው ይሄን ያህል?»

«አንገቷ ያው ነው። የረዘመው ሌላ ነው።»

ሰው ሲጠይቃት እንደ ሌላው «አልቆ ይቀጥላል» አትልም፤ «ገና ነው» ትላለች። «ገና ነው» ክልክል ይሁን አይሁን ሕጉ ስላልወሰነ፣ ዝም ብለው ተዉአት።

አሁን የምረቃውን ሥርዓት ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው እሱ ላይ ነው።

የዚያ አገር ገዢ ለሕዝቡ ጀርባውን አይሰጥም። ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ሲመርቅ ፊቱን ለሕዝቡ እንደሰጠ፣ ሪባኑን ቆርጦ፣ የተቆረጠውን ጫፍ በእጁ ይዞ ወደ ኋላ ይራመዳል። የሪባኑ ሌላ ጫፍ ምሰሶ ላይ ታስሯል። ሪባኑ ሲወጠር ገዢው ይቆምና «አለቀ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ሕዝቡ «አለቀ» ይላል። ያን ጊዜ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይጨምራል፤ ይህ የማኅተም እርምጃ ይባላል። ከዚያ በኋላ በመጣበት ይመለሳል። ስለዚህ ገዢው በዘመኑ ሁሉ ብዙ ሥራ መርቋል፤ አንዱንም ግን አላየም። ያየው የሚያጨበጭብ ሕዝብ ብቻ ነው።

ሪባኑን የሚለካው የምረቃው ሹም አዛዥ ቢተው ነበር። ድልድዩ ላይ ሲሆን ትንሽ ያሳጥረዋል፤ ገዢው ከድልድዩ ክፍተት ብዙ ርቆ እንዲወጠርበት። ለምን እንደሚያሳጥረው ማንም አልጠየቀውም፤ እሱም ለማንም አልነገረም።

ድልድዩ በየዓመቱ ነበር የሚመረቀው፤ ከምረቃዎቹ ሁሉ ያማረው እሱ ስለሆነ። አንድ ዓመት የምረቃው ቀን ሊደርስ ሲል አዛዥ ቢተው መጋዘኑን ቢከፍት ሪባን የለም። ጉድጓዱም፣ ትምህርት ቤቱም፣ እስር ቤቱም ሪባን በልተዋል። የሪባን ፋብሪካ ነበራቸው፤ እሱም በታላቅ ድምቀት ተመርቋል፤ ማሽን ግን አልገባለትም። አዛዥ ቢተው ቀይ ነገር ፍለጋ አገሩን አዳረሰ። ቀይ ጨርቅ የተባለ ሁሉ ቀድሞ ተቆርጧል። በመጨረሻ አንድ ሰው «እልፍነሽ ጓሮ ረጅም ነገር አለ» አለው።

መጣ። ከእሱ ጋር መቀስ በሰሐን የሚሸከም አንድ ሰው፣ ሰሐኑን የሚሸፍን አንድ ሰው፣ ሽፋኑን የሚገልጥ አንድ ሰው መጡ።

«እማማ እልፍነሽ፣ እንዴት ዋሉ? ይህ ምንድን ነው?»

«ሻርፕ ነው፣ አዛዥ።»

«መሐሉ ቀይ ነው።»

«የእህቴ ነው ቀዩ።»

«ለመንግሥት ሥራ ተፈልጓል። የድልድዩ ምረቃ ላይ ቀዩ ጋ ይቆረጣል።»

እልፍነሽ መርፌዎቹን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «ይሄ ጨርቅ አይደለም እኮ፤ ከተቆረጠ ይተረተራል። ቋጥሩትና ገዢው ይፍቱት። መፍታትም ወግ ነው።»

«ሪባን ይቆረጣል እንጂ አይፈታም። ደግሞ ምን ይጎድልብዎታል? አንድ ሻርፕ ነበረዎት፤ ተቆርጦ ሁለት ይሆናል። ምርት ጨመረ ማለት ነው።»

«ሁለት ሻርፕ አልፈልግም። አንድ እህት ነው ያለኝ።»

አዛዥ ቢተው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እማማ፣ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ግን በዚህ ጓሮ እየተሠራ ያለ ነገር አያለሁ። በዚህ አገር ደግሞ የተሠራ እንጂ እየተሠራ ያለ ነገር የለም። ሻርፑ አልቋል ካሉ ለሪባን እወስደዋለሁ፤ ጫፉንም እዚሁ ይዘጉታል። አልቋል ካላሉ እርስዎንም ሻርፑንም እወስዳለሁ። ቢመርጡ ይሻላል።»

እልፍነሽ አሰበች። መዝጋቱን አልፈለገችም፤ ከተዘጋ ደብሪቱ አንገት ላይ ሳያርፍ አለቀ ማለት ነው። እስር ቤት ከገባች ደግሞ እሑድ እሑድ የሚውለበለበውን ነጠላ አታይም፤ ደብሪቱም እህቷ የሞተች ይመስላታል።

«እሺ፣ ቁረጡት» አለች። «አልዘጋውም ግን። መርፌው እንደገባበት ይሁን። ጫፉን ራሴ ይዤ እቆማለሁ።»

አዛዥ ቢተው ሕጉን በሐሳቡ አገላበጠ። ስለ መርፌ የሚል ነገር አላገኘበትም። «ይሁን» አለ።

የምረቃው ቀን ሕዝቡ ዳር እስከ ዳር ሞላ። ድልድዩ አፍ ላይ፣ ከግራና ከቀኝ፣ ሁለት ምሰሶዎች ቆመዋል። የሻርፑ መጀመሪያ በቀኙ ምሰሶ ላይ ተጠምጥሞ በጥብቅ ታሰረ፤ ቀዩ በመሐል ተዘረጋ፤ የቀረው በግራው ምሰሶ አልፎ እልፍነሽ ክንድ ላይ ተቆለለ። ጋሽ ታፈረ ከጎኗ ቆሟል። ከወዲያ ማዶ፣ በድልድዩ በዚያኛው ጉራጅ ጫፍ ላይ፣ አንዲት ነጠላ የለበሰች ሴት ቆማ ታያለች።

«እህትሽ መጥታለች» አላት ጋሽ ታፈረ።

«አየኋት። ዛሬ የማውለበልብበት እጅ የለኝም።»

ገዢው መጣ። ወርቀ ዘቦ ካባ ለብሷል፤ ካባው ከፊት ሲያዩት ዓይን ይወጋል። ሰሐኑ ተገለጠ፣ መቀሱ ወጣ፣ ገዢው ፊቱን ለሕዝቡ እንደሰጠ ቀዩን ሻርፕ ቆረጠው። ጭብጨባው ወንዙን አስናቀው። ገዢው ከቀኙ ምሰሶ የመጣውን ጫፍ ጨብጦ ወደ ኋላ መራመድ ጀመረ።

አዛዥ ቢተው እንደ ልማዱ ለክቶታል፤ ከክፍተቱ ብዙ ርቆ መወጠር ነበረበት። ሊወጠርም ነበር። ከዚያ ግን ገዢው የጨበጠው ጫፍ በእጁ ውስጥ ፍርክስክስ አለና አንድ ቀጭን ክር ብቻ ቀረ። ክሩ ሲሳብ አንድ መሥመር ተፈታ፤ ሌላ መሥመር ተፈታ። ገዢው እጁ ላይ ውጥረት አልተሰማውም። ፈገግ እንዳለ፣ ሕዝቡን እያየ፣ ወደ ኋላ ሄደ።

ጭብጨባው እየሳሳ መጣ። ሁሉም ያየዋል። ሁሉም የሚያውቀው አንድ ቃል አለ። አዛዥ ቢተው አፉን ከፈተ፤ «ጌታዬ… አልቆ… አልቆ…» አለ፤ «ይቀጥላል» የሚለውን መጨመር ግን ፈራ፤ ገዢው ይቀጥላል ብሎ። መቀስ ተሸካሚው ሰሐን ሸፋኙን አየ፤ ሰሐን ሸፋኙ ሰማይ አየ።

እልፍነሽ ገዢውን አላየችም። የምታየው ቀዩን ነው። ደብሪቱ በልጅነቷ የለበሰችው ቀይ፣ መሥመር በመሥመር፣ ከምሰሶው ላይ እየተተረተረ ይሄዳል። ክንዷ ላይ ያለውን ቁልል ለጋሽ ታፈረ አሸከመችውና ከሻሿ ውስጥ ትርፍ መርፌ መዘዘች።

«ወዴት ነሽ?» አላት።

«ሻርፔ አለቀብኝ እኮ።»

ምሰሶው ጋ ደረሰች። እየተፈቱ ያሉትን ቀለበቶች አንድ በአንድ መርፌው ላይ ሰበሰበቻቸው፤ የመጨረሻዋን ቀለበት ስታስገባ ክሩ ድንገት ቆመ። ተወጠረ። ከድልድዩ ጫፍ ገዢው እጁ ላይ ውጥረቱ ተሰማውና ቆመ። ተረከዙ አየር ላይ ነበር።

«አለቀ ወይ?» ብሎ ጠየቀ።

ከዚያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ሰው አልመለሰም። «አለቀ» ቢሉ የማኅተሙን እርምጃ ይጨምራል። ሌላውን ቃል ቢሉ እስር ቤት አለ። ወንዙ ብቻ ይጮኻል።

«አለቀ ወይ?» አለ ገዢው እንደገና፤ ፊቱ ላይ የነበረው ፈገግታ ትንሽ ደከመ።

እልፍነሽ ያን ጊዜ ነው ቀና ያለችው። መጀመሪያ ገዢውን አየች፤ ቀጥሎ ከእሱ በስተኋላ ያለውን ባዶ አየች፤ ከባዶው ማዶ ደብሪቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና ቆማለች። በአንድ እጇ መርፌውን አጥብቃ እንደያዘች፣

«አላለቀም፣ ጌታዬ» አለች። «ባሉበት ይቁሙ።»



«ማነው ያለው?»

«እኔ ነኝ፤ እልፍነሽ።»

«ምኑ ነው ያላለቀው?»

«ከኋላዎ ያለው።»

ገዢው ዞረ። በዚያ አገር ታሪክ ገዢ ወደ ኋላ ሲያይ የመጀመሪያው ነው። ወንዙን አየ፤ እግሩ ሥር የተንጠለጠለችውን አንዲት ሳንቃ አየ። ሕዝቡ ደግሞ የገዢውን ጀርባ አየ፤ ካባው ጀርባ የለውም ነበር። ልብስ ሰፊው ማንም የማያየውን ከመስፋት ብሎ ፊቱን ብቻ ሰፍቶ አስረክቧል። ከኋላ የሚታየው የተጨማደደ ሸሚዝና መርፌ የተረሳበት የተንጠለጠለ ክር ነው። አንድ ሕፃን ሳቀ፤ እናቱ አፉን ልትይዝ ስትል እሷም አመለጣት።

ገዢው የሚረግጠውን እያየ ተመለሰ። ክሩን አልለቀቀም፤ የያዘው እሱን ብቻ ነበር። እልፍነሽም እሱ በቀረበ ቁጥር ክሩን እየጠቀለለች ጠበቀችው። ፊቷ ሲደርስ ጥቅሉ ደህና ብርቱካን አክሏል።

አዛዥ ቢተው ቀደመ። «ጌታዬ፣ ይህች ሴት ቃሉን ብላለች። እስር ቤት ትግባ?»

ገዢው «እስር ቤቱ ግድግዳ አለው?» ሲል ጠየቀ።

አዛዥ ቢተው ላቡን ጠረገ። «አለው… ኖሮት… ይቀጥላል።»

«ተዋት» አለ ገዢው። ወደ እልፍነሽ ዞሮ፣ «መቼ ያልቃል?» አላት።

«የቱ ጌታዬ? ድልድዩ ነው ሻርፑ?»

«ድልድዩ።»

«እሱን አካፋ የያዙትን ይጠይቁ። የኔው ግን እህቴ አንገት ላይ ያረፈ ቀን ያልቃል። እጅዎን ይልቀቁልኝ፤ ክሬን ይዘውብኛል።»

ገዢው እጁን ከፈተ።

ሹማምንቱ እንደምታውቋቸው ናቸው። ሳምንት ሳይሞላ «በዚህ አገር ያለቀ ነገር የለም» የሚል አዲስ ሕግ አወጡ፤ አዛዥ ቢተውም ያላለቁ ነገሮች ሹም ተባለ፤ መቀሱ፣ ሰሐኑና ሦስቱ ሰዎች እንዳሉ ናቸው። እንዲያው ለተንኮል ሚስቶች «ራት አልደረሰም» እያሉ ባሎቻቸውን እስከ ሌሊት አስራቡ። ገዢው ግን ድልድዩ ጋ በየቀኑ እየመጣ፣ ፊቱን ወደ ወንዙ አዙሮ፣ ሳንቃ ሲመታ ይቆም ነበር። አካፋና መዶሻ የያዙትም ወደሚቀጥለው የመሠረት ድንጋይ መሄድ አፈሩ። ጋሽ ታፈረ ታንኳውን አቅንቶ ሳንቃ አመላለሰ። ድልድዩ መሐሉ ሞላ። ሪባን አልተቆረጠም፤ ስለሌለ ነው ይባላል።

እልፍነሽ የተቆረጠውን ቀይ እንደገና ሠርታ ሁለቱን ቁራጮች አገናኘች። መገናኛው ላይ ጎርበጥ ያለ መሥመር አለ፤ በእጅ ሲዳስሱት ይታወቃል። ሻርፑን በጋሪ ጭና፣ ጋሽ ታፈረ እየገፋላት፣ በእግሯ ተሻገረች። ደብሪቱ ከወዲያ ጫፍ ቆማ ነበር። ብዙም አልተነጋገሩም። እልፍነሽ ሻርፑን አንገቷ ላይ ጠመጠመች፤ እንደገና ጠመጠመች፤ ደብሪቱ ዓይኗ ብቻ እስኪቀር ድረስ ጠመጠመች፤ ጋሪው ግን ገና ግማሹ አልተራገፈም።

«አንገቴ አንድ ነው እኮ፣ እልፌ» አለች ደብሪቱ ከሻርፑ ውስጥ።

«ዝም በይ፤ ልዝጋው።» እልፍነሽ የመጨረሻዎቹን ቀለበቶች ልትዘጋ መርፌዋን አስተካከለች።

ደብሪቱ እጇን ያዘቻት። «ተይው። ከዘጋሽው የሚመጣው እሑድ ምን ልትሠሪ ትመጫለሽ?»

እልፍነሽ መርፌውን እንደገባ ተወችው።

ሻርፑ ዛሬም እየተሠራ ነው፤ አንዱ እሑድ በዚህ ዳር፣ አንዱ እሑድ በዚያ። ድልድዩን ግን እኔ ራሴ ተሻግሬበታለሁ። ማንም አልቋል ስላለኝ አይደለም፤ ሳንቃዎቹን እየረገጥኩ አንድ በአንድ ቆጥሬያቸው ነው። አንድም አልጎደለም። እናንተም ስትሻገሩ ቁጠሩ።